ከእኔ መሆኑን አትንገራቸው

«ከእኔ መሆኑን ካወቁ ሞተው ይገኛሉ እንጂ አይቀበሉም። አደራህን፣ አትንገራቸው፤» አለች ምራታቸው በሹክሹክታ።

እማማ ፍተሻ ገና ከአልጋቸው አልወረዱም ነበር። መኝታ ክፍላቸውን ከወጥ ቤቱ የሚለየው ግድግዳ ስስ ነው፤ ከላይ ደግሞ ለአየር ተብላ የተተወች ክፍተት አለች፤ በዚያች ክፍተት የሽንኩርቱ ሽታም፣ የሳህኑ ኳኳታም፣ የባልና የሚስት ምስጢርም እኩል ይገባል። «ታዲያ ከየት ነው የመጣው እንበላት?» ሲል የልጃቸው ድምፅ ተሰማ። «ከሌላ ሰው ነው በላቸው። ሲያፋጥጡህ ብቻ እንዳትርበተበት።» ከዚያ ቧንቧው ተከፈተና የቀረውን ወሬ ውሃው ዋጠው። እማማ ፍተሻ የሚያያቸው ሰው ሳይኖር የተኙ ለመምሰል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞተው ይገኛሉ። ይህቺን ቃል ከመሃል ነጥለው አገላበጧት። ሰው እንዲህ ማለት ልማዱ ነው፤ እሳቸውም ራሳቸው በቀን ስንቴ ይሏታል። ግን በማለዳ፣ በሹክሹክታ፣ ቧንቧ ተከፍቶላት ስትባል ሌላ መልክ አላት።

ፍተሻ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው በኖሩበት ዘመን ሠራተኛው የለጠፈባቸው ነው። በእሳቸው በር ሳይፈተሽ የወጣ ሰው የለም፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ቦርሳውን ይከፍታል። ሰው አንድ ጥቅል ክር በብብቱ ሸጉጦ ቢያልፍ ከአረማመዱ ያውቁበታል፤ የያዘ ሰው ክንዱን አያወዛውዝም ይሉ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ስሙም አብሯቸው ወጣ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እማማ ፍተሻ» አላቸው፣ እሳቸውም አልጠሉትም። ቁም ሳጥኑ ይቆለፋል፣ የስኳሩ ጣሳ ይቆለፋል፣ ቁልፎቹ በአንድ ገመድ ታስረው አንገታቸው ላይ ይውላሉ። ሰሞኑን ግን አንገታቸው ከመቅጠኑ የተነሳ ቁልፎቹ ሴትዮዋን ይዘዋት የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሳል ነው። ሳሉ በመድኃኒት ሄደ፤ በቦታው ተቅማጥ መጣ። ተቅማጡም በመድኃኒት ሄደና ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ። የኋለኛው ክኒን አንዷ ፍሬ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ትወደዳለች፤ እሷም ብትሆን በሽታውን ለጥቂት ቀን ሽርሽር ከመላክ ያለፈ አልሠራችም። ቀሚሶቻቸው ከሌላ ሰው የተዋሷቸው መሰሉ። ልጃቸውና ሚስቱ ሊያስታምሟቸው ብለው የተከራዩትን ቤት ለቀው ወደ እሳቸው የገቡት ያን ጊዜ ነው፤ ወጥ ቤቱም በምራታቸው እጅ የገባው ያን ጊዜ ነው። እማማ ፍተሻ እነዚህን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ሕመሙ መቼ ባሰ? እሷ ማብሰል ከጀመረች ወዲህ። ቤቱስ? ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ፣ ፀሐይ የማይለየው በረንዳ፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ቤት መግዛት ቀርቶ ዋጋውን ለመጠየቅም ድፍረት ይፈልጋል። አንድ ማታ ግድግዳ ተደግፈው ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ፣ ልጃቸውን ክንዱን ይዘው «ሚስትህ ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር እየጨመረችብኝ ነው» አሉት። «ተይ እንጂ እማ፤» አለ። ሌላ አላለም። እሳቸውም አልደገሙትም።

ተነስተው ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ምራታቸው ከመጸዳጃ ቤቱ ስትወጣ ተገጣጠሙ። ጸጉር ሠሪ ናት፤ የሰው ጸጉር ስታሳምር ውላ የራሷን በሻሽ ጠቅልላ የምትገባ፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ እርምጃዋ ፈጣን። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። አማቷን ስታይ ፌስታሉን ወደ ጀርባዋ አዞረችው። የያዘችበት ክንድ አልተወዛወዘም።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም አይደለም እማማ።»

«ምንም ከሆነ ክዳን ምን ያደርግለታል?»

«የሥራ ዕቃ ነው። ዛሬ ሙሽራ አለችብኝ፤ ቀድሜ ልሂድ። እርስዎ ምንም እንዳይቀምሱ፣ ውሃም ቢሆን። ልጅዎ ሐኪም ቤት ያደርስዎታል፤» አለችና ጫማዋን በወጉ ሳታጠልቅ ደረጃውን ወረደችው።

የሥራ ዕቃ፣ ያውም ከመጸዳጃ ቤት! እማማ ፍተሻ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው በሩን ዘጉና ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። የወርቅ ጆሮ ጌጣቸው በመሃረብ እንደተቋጠረ አለ። የሟች ባለቤታቸው የእጅ ሰዓት አለ። የቤቱ ሰነድ ከአንሶላዎቹ ሥር እንደተቀመጠ ነው፤ አንሶላዎቹም እሳቸው ባጠፉበት መልክ ታጥፈዋል። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው አሰቡ። በሥራ ዘመናቸው ዕቃ ጠፍቶ ሌባው ሳይታወቅ የቀረበት ቀን ነበር። ሰው በዓይናቸው ፊት ዕቃ ይዞ ወጥቶ የጎደለ ዕቃ ያጡበት ቀን ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። የወጣው ካልታወቀ ደግሞ የሚገባውም አይታወቅም። «ከእኔ መሆኑን ካወቁ አይቀበሉም» ነው ያለችው። ምን ሊቀበሏት? እሷ የምትሰጠው ምን አላት? ከእጇ ውሃ ሲቀበሉ እንኳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው አይተው ነው።

ታክሲው ውስጥ ልጃቸው ከጎናቸው ተቀመጠ። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ ሲሠራ ልቡ አይደነግጥም፤ እናቱ ፊት ግን ገና ሲጠየቅ ላብ ያቸፈችፈዋል። ከትናንት ጀምሮ ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት ሲያጠጣቸው የነበረው እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ለሕክምናው» ከማለት በቀር አልተናገረም። እማማ ፍተሻ መንገዱን በመስኮት እያዩ፣ ሆዳቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ የጥንቱን አጠያየቃቸውን አወጡ፤ ቀላሉን አስቀድሞ፣ ከባዱን ሳይታሰብ።

«የዛሬው መድኃኒት ይዋጣል?»

«አይዋጥም።»

«በመርፌ ነው?»

«በመርፌም አይደለም።»

«ታዲያ በየት በኩል ሊገባ ነው?»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አደረጋቸው። ልጃቸው አንገትጌውን ሳብ ሳብ አደረገና «ሐኪሟ ትነግርሻለች እማ፤» አለ። ነጠላቸውን አስተካከሉና እንደ ዋዛ «ከማን ነው የተገኘው ግን?» ሲሉት፣ «ከሌላ ሰው ነው፤» አለ ቶሎ ብሎ። ቃሉ የግድግዳው ቃል ነበር፤ አንድ ፊደል አልጎደለውም። እማማ ፍተሻ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ሾፌሩ ራዲዮኑን ከፈተላቸው።

የሐኪም ቤቱ መጠበቂያ ክፍል ወንበሮች ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ይህን ያዩ ጊዜ እማማ ፍተሻ እዚህም እንደሳቸው ያለ ሰው አለ ብለው አሰቡ። ግድግዳው ላይ ድምፅ አልባ ቴሌቪዥን ምግብ አሠራር ያሳያል፤ ከሥሩ ምንም እንዳይቀምሱ የተነገራቸው ሰዎች ተደርድረው ያያሉ። ሽታው የበረኪና ነው። ጥቂት እንደቆዩ ሆዳቸው ጠራቸው፤ ልጃቸው ሊደግፋቸው ሲነሳ በእጃቸው አስቀመጡት። ከመጸዳጃ ቤቱ ሲመለሱ መንገዱ ጠፋቸውና ወደ ሌላ ኮሪደር ታጠፉ። እዚያ፣ ላቦራቶሪ ተብሎ የተጻፈበት መስኮት ፊት፣ ምራታቸው ቆማለች። ፌስታሉ በእጇ የለም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ የሆነ ነገር ነገራት፤ እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንደ ተገላገለ ሰው ተነፈሰችና ሳቀች። እማማ ፍተሻ ስትስቅ ያዩዋት ስንት ጊዜ ነው? ከምሰሶው ጀርባ ቆመው ጠበቁ። ሙሽራዋ የታለች? ኩሉስ፣ ማበጠሪያውስ?

ተመልሰው ተቀመጡ። «ሚስትህ የት ናት?» አሉት ልጃቸውን። «ሥራ ቦታ ናት፤ ሙሽራ አለባት አላለችሽም?» አለ፣ የጫማውን ጫፍ እያየ። እስካሁን ምራታቸውን ሲጠረጥሩ ልጃቸውን በእሳቸው በኩል ነበር ያቆሙት፤ የሚያውቀው ነገር ቢኖር እንኳ ተታሎ ነው፣ ተጭናው ነው ይሉ ነበር። አሁን ዓይናቸው እያየ ዋሻቸው። ይህ እኮ በሕፃንነቱ ሳሎን መሃል ኳስ ሲያንከባልል ብርጭቆ የሰበረ ጊዜ እንኳ ራሱ መጥቶ የሚናገር ልጅ ነበር። ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ። «ወዴት ነው እማ?» «ወደ ቤቴ።» ሦስት እርምጃ ያህል ሄደው ግድግዳውን ያዙ። ያን ጊዜ ነው ነርሷ በር ከፍታ የጠራቻቸው፤ መጠራታቸው ይሁን መድከማቸው፣ ገቡ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ስትናገር የማትቸኩል። እጃቸውን ይዛ የደም ሥራቸውን ትርታ እየቆጠረች «እንግዲህ ዛሬ የምናደርገውን ልጅዎ ነግሮዎታል፣ አይደል?» አለቻቸው።

«ከሌላ ሰው ነው ብሎኛል።»

«ምኑ?»

«እሱን እኔም እየጠበቅሁ ነው።»

ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ልጃቸውን አየችው። ልጃቸው ጣሪያውን አየ። «ሳይነገራቸውማ አልነካቸውም። ፈቃዳቸው ያስፈልገኛል፤» አለችና ወንበሯን ወደ እማማ ፍተሻ ሳበች። «እማማ፣ ለሳሉ የወሰዱት አንቲባዮቲክ ነበር። ከዚያ በኋላስ? እውነቱን ይንገሩኝ።»

እማማ ፍተሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታሽ ሆኑ። ጉሮሯቸውን በከረከራቸው ቁጥር ያንኑ ባለ ሁለት ቀለም ክኒን ሠፈር ካለው መድኃኒት ቤት ያለ ወረቀት ሲገዙ እንደነበር፣ ሲሻላቸውም መሃል ላይ እያቆሙ የተረፈውን ቆልፈው ያስቀምጡ እንደነበር ተናገሩ። ምራታቸው «እማማ ይሄን ነገር ባያበዙት» ብላቸው ቁልፉን ደረታቸው ውስጥ የከተቱትን ግን አልተናገሩም። ሐኪሟ አልተቆጣችም። በሆዳችን ውስጥ ለመቁጠር የሚያዳግቱ ባክቴሪያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ጠላቶቻችን አይደሉም፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት አለች። መድኃኒቱ ግን አይመርጥም፤ ክፉውን ሲያባርር ደጎቹንም አብሮ ጠረጋቸው። ቤቱ ባዶ ሲሆን አንድ መጥፎ ባክቴሪያ ገብቶ ሰፈረበት፤ በክኒን ሲመቱት ይሸሸጋል፣ ክኒኑ ሲያልቅ ይወጣል።

«ሌላም አለ። ሰው የሰውነት መከላከያ ደም ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለዋል፤ ብዙው የሰፈረው አንጀት ዙሪያ ነው። ማንን ማሳለፍ፣ ማንን መያዝ እንዳለበት ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያለማምዱት ደግሞ እነዚያው አብረውት የሚኖሩት ናቸው። እነሱ ሲጠፉ ግራ ይገባዋል። የሚይዘውን ያሳልፋል፣ የሚያሳልፈውን ይይዛል፤ አንዳንዴም የራሱን ቤት ይደበድባል። ሆድዎ እንዲህ የሚቆስለው በባክቴሪያው መርዝ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ግርግርም ጭምር ነው።»

«በር ላይ የቆመው ሰው አዲስ ሲሆን እንደሚያደርገው ነዋ፤» አሉ እማማ ፍተሻ፤ ይሄ እንኳ ገብቷቸዋል። «ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«የጠፉትን መመለስ። ከጤነኛ ሰው አንጀት የወጡትን ወስደን፣ አጣርተን፣ በቀጭን ቱቦ ወደ እርስዎ አንጀት እናስገባቸዋለን። እዚያ ይራባሉ።»

«ከአንጀት የወጣ ማለት?»

«ሰገራ ማለት ነው እማማ።»

እማማ ፍተሻ አንዴ ሐኪሟን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ፤ ማንም አልሳቀም። «ዶክተር፣ በእናትሽ አትቀልጂብኝ፤» አሉ። እንደማትቀልድ ግን ከፊቷ አይተዋል። እዚያው በተቀመጡበት ጥቁሩ ፌስታል መጣላቸው፤ ክዳኑ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ መውጣቱ፣ ያልተወዛወዘው ክንድ። ከቤታቸው ወጥቶ ምንም ያልጎደለበት ዕቃ። ሳይታወቃቸው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ፤ ሊስቁ ይሁን ሊያስመልሳቸው ራሳቸውም አላወቁትም። «ከማን ነው?» አሉ።

«ለጋሿ ስሟ እንዳይነገር ለምናናለች፤» አለች ሐኪሟ።

«ለጋሿ አልሽ።»

ሐኪሟ ከንፈሯን ነከሰች። ልጃቸው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ጥሯት፤» አሉ እማማ ፍተሻ። «እናንተ ውጡና እሷ ትግባ።»

ምራታቸው ገብታ በሩን ዘጋችና ከመመርመሪያው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በአልጋው ላይ የተነጠፈው ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ከተማው ሁሉ ጸጉሩን የሚያምናት ሴት ጣቶቿን የት እንደምታስቀምጥ ጠፍቷት አንዴ ጭኗ ላይ፣ አንዴ ብብቷ ሥር አደረገቻቸው። ከውጭ የጋሪ ጎማ ሲያልፍ ይሰማል።

«ሙሽራዋስ?» አሉ እማማ ፍተሻ።

«ሙሽራ የለችም እማማ።»

«ልጄ ለምን አልሰጠኝም? የራሴ ሥጋ አይደለም?»

«እሱ እግሩን የቆሰለ ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስዷል፤ አይሆንም አሉት። እኔን ደሜን ወሰዱ፣ ሰገራዬን ወሰዱ፣ ስንቴ አመላለሱኝ። ክኒን እንዳልውጥ፣ ደጅ እንዳልበላ አሉኝ።» ጉንጯን ዳሰሰች። «ያኔ ጉንጬ አብጦ የከረመ ጊዜ፣ የጥርስ ሐኪሙ ያንኑ መድኃኒት አዞልኝ ነበር። ከዋጥኩት ደግሞ መስጠት አልችልም። በጨው ውሃ ስጉመጠመጥ ነው ያሳለፍኩት። ሲለቀኝ እንደገና መረመሩኝ።»

እማማ ፍተሻ ያን ሰሞን አስታወሱት። ምራታቸው ጉንጯን ነፍታ፣ ቃል ከአፏ ሳይወጣ፣ ሳህን አስቀምጣላቸው ዞር ትል ነበር። ጉንጯን ነፋችብኝ፣ በገዛ ቤቴ አኮረፈችብኝ ብለው ለጎረቤት ሁሉ ተናግረዋል። እሳቸውም በተራቸው አኩርፈው፣ ያበሰለችውን ሳይነኩ መልሰውላታል። አሁን ያንን ጉንጭ አዩት፤ ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል። ይቅርታ የሚባል ነገር አፋቸው አልለመደም፤ ሌላ ጥያቄ ቀደመ።

«ለምን?» አሉ። «ስለምወድዎት ነው እንዳትዪኝ ብቻ።»

«አልልዎትም።»

«ታዲያ?»

ምራታቸው ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረችው። ስትናገር ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ያለችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። «ልጅዎ ማታ ማታ ሾርባዎን ይቀምሳል። እኔ ዞር ስል ነው። አንድ ቀን ደርሼበት ትኩስ መሆኑን ላይ ብዬ ነው አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። እርስዎ ምን እንዳሉት አላውቅም፣ እሱም አልነገረኝም፤ ግን ሲቀምስ ዓይኑን አይቼዋለሁ። እርስዎ በዚህ በሽታ ቢሞቱ እማማ፣ ዕድሜ ልኩን አንዲት ቃል አይጠይቀኝም። ዕድሜ ልኩን ግን እየጠረጠረኝ ከጎኔ ይተኛል። ከዚያ ሁሉ ይሄ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ይህቺ ልጅ ቤታቸው ከገባች ጀምሮ ብዙ ነገር ብላቸዋለች፤ ይብሉ ብላለች፣ አይዞዎት ብላለች፣ እንደ እናቴ ነዎት ብላለች፤ አንዱንም አላመኗትም። ይህን ግን አመኑ። በር ላይ ቆመው ስንት ዘመን የሰሙት የሰው ሁሉ ቃል ሲሰማ ያምር ነበር፤ እውነቱ እንዲህ ቀጥ ብሎ፣ ሳያምር ነው የሚመጣው። ልጃቸው ሾርባቸውን እንደሚቀምስ አያውቁም ነበር። አንድ ማታ በኮሪደር የወረወሩት ቃል ይህን ያህል ሲሠራ እንደከረመም አያውቁም ነበር።

«ከእኔ መሆኑን አትንገራቸው ያልሽው ለምንድን ነው?»

ምራታቸው ግድግዳው ጆሮ እንዳለው ያን ጊዜ ገባት። «እምቢ ይላሉ ብዬ ነዋ።»

«ልክ ነሽ። እምቢ ነበር የምለው፤» አሉ እማማ ፍተሻ። ከዚያ የቁልፎቹን ገመድ ከአንገታቸው አውጥተው፣ ለሕክምናው ብረት ማውለቅ እንዳለባቸው ነርሷ አስቀድማ ነግራቸው ነበርና፣ ወዲያ ወዲህ አይተው እጇ ላይ አስቀመጡት። «እንዳይጠፋ፤» አሉ። «በይ ዶክተሯን ጥሪያት፤ ሳልመለስበት።»

የቀረውን በሰመመን ነው ያለፉት። ነርሷ ጎናቸውን አስደግፋ አስተኛቻቸው፤ ቀዝቃዛ ነገር በክንዳቸው ገባ፤ ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ሁለት ሆነ፤ የመጨረሻ ሐሳባቸው ይህን ለጎረቤት እንዴት አድርገው እንደሚያወሩት ነበር፤ እንደማያወሩት ሲወስኑ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ከሰዓት ሆኗል። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ነው፤ መሃሉን መጋረጃ ይከፍለዋል፤ ወዲያኛው አልጋ ባዶ ነው። ሐኪሟ መጥታ መልካም እንደሄደ፣ መሻልና አለመሻሉ ግን በሳምንታት እንጂ ዛሬ እንደማይታወቅ፣ ምናልባትም መደገም ሊያስፈልገው እንደሚችል ነገረቻቸው። «ሳይጠይቁኝ ደግሞ አንዲት ክኒን እንዳይውጡ፤» አለችና ሄደች። እማማ ፍተሻ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ። ምንም የተለየ ነገር አልተሰማቸውም። መግባት የነበረበት ሁሉ ገብቷል፤ አሁን መጠበቅ ነው።

ልጃቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የእናቱን ጫማ በእጁ ይዟል። «ዋሸሁሽ እማ፣ አትቀየሚኝ፤» ሲል ጀመረ።

«እሱን ተወው። አንድ ነገር አለብኝ።» ድምፃቸው ገና ሰመመኑ አልለቀቀውም፤ ቃላቸውን ግን እየመረጡ ነበር። «ያን ማታ ስለ ሚስትህ የነገርኩህ ነገር፣ ምግቤ ውስጥ ትጨምራለች ያልኩህ፣ አላየሁም። ስትጨምር አላየሁም። ገምቼ ነው። ግምትን እንዳየ ሰው አድርጌ ነገርኩህ። አሁን አንስቼዋለሁ።»

«እሺ እማ። አሁን ዕረፊ።»

«አምነኸኝ ነበር?»

ልጃቸው ጫማውን አገላበጠ። ሶሉን አየ፣ ማሰሪያውን አየ። ከመስኮቱ ውጭ አምቡላንስ ሲያቆም ተሰማ፤ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እማማ ፍተሻ ጠበቁ። አላመንኩሽም ቢላቸው በቂ ነው፤ ቶሎ ብሎ ቢላቸው። ጠዋት ሲዋሽ ያስከፋቸው ልጅ አሁን አንዴ ቢዋሽላቸው ምን አለበት!

«እናቴ ነሽ፤» አለ በመጨረሻ።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ምራታቸው ልብሳቸውን አጣጥፋ ይዛ ከወዲያ በኩል ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ማንም አልጠየቃት። ባሏን ሳታይ አልፋው መጣችና ልብሱን አልጋው ላይ ዘረጋች፤ እጃቸውን በእጅጌው አስገባች፣ ቁልፎቹን አንገታቸው ላይ መለሰች፣ ጫማውን ከባሏ እጅ ተቀብላ ጎንበስ ብላ አጠለቀችላቸው። እማማ ፍተሻ ከላይ ሆነው ፊቷን ሊያነቡት ሞከሩ። የስንቱን ፊት በር ላይ አንብበዋል፤ ይህን ግን አልቻሉም። የደበቀችው ነገር አልነበረም፤ ግን የሚገባ ሰው ፊት ይሁን የሚወጣ መለየት አቃታቸው። ክንዷን ሰጠቻቸው። ልጃቸው በወዲያኛው በኩል ሊደግፍ ሲጠጋ ኮሪደሩ ጠባብ ሆነና ከኋላ ቀረ።

ውጭ ፀሐዩ በርዷል። ታክሲው መግቢያው ላይ ቆሟል፤ ልጃቸው ቀድሞ ሄዶ በሩን ከፈተው። ምራታቸው አማቷን ከደረጃው አውርዳ እስከ መኪናው አደረሰቻቸውና ክንዷን አላቀቀች። ሥራ ቦታ ትንሽ ደርሳ እንደምትመለስ፣ ሲመሽ ደንበኛ እንዳለባት ተናገረች። ጠዋትም ሙሽራ አለችብኝ ያለችው እንዲሁ ነበር። እማማ ፍተሻ መኪናው ውስጥ አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ቆሙ። እጇን መልሰው ያዙ፤ አያያዛቸው ከበሽተኛ የሚጠበቅ ዓይነት አልነበረም።

«ማታ ቤት ትገቢያለሽ አይደል?» አሉ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

«እገባለሁ እማማ፤» አለች ምራታቸው፣ ድምፅዋንም ዝቅ አላደረገችም። «ለእርስዎ ብዬ እገባለሁ።»

ልጃቸው የታክሲውን በር እንደያዘ ቀረ።